ጀርባህን የምታየው ሴት

ውድ ጃዕፈር፣

ሰላምታውን አሳጥረዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቋንጃዬም ደህና ነው፤ ቤቱም ባለበት ቆሟል። አንተም ደህና እንደሆንክ፣ እንዲያውም ትንሽ ወፈር እንዳልክ የጎረቤታችን የሑስና ባል ነግሮናል። የልምምድ ካምፑ ምግብ ተስማምቶሃል ማለት ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅህ አይቀርም። በስልክ ያልነገርኩህም ስለምትስቅ ነው። አንተ ስትስቅ እኔም እስቃለሁ፣ ከዚያ ልናገር የነበረው ሁሉ ይጠፋብኛል። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም። የሑስና ባል ነገ ሚኒባሱን ይዞ ሻሸመኔ ስለሚወርድ ኩየራ ላይ ቆሞ እጅህ ላይ ያደርስልኛል። ብቻህን ሆነህ አንብበው። «ብቻህን» ያልኩት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።

ቀንቻለሁ። ባለፈው «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ደክሞኝ ነው» አልኩህ። ስታርፍ የምትውል ሴት ምን ያደክማታል? አሁን በምታሯሩጣት ልጅ፣ በጤናዬ ቀንቼ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩልህ ወረቀት አጭር ነበር። የባቱው ማራቶን ሳይደርስ እሷን ተዋትና ወደ ቤትህ ና፣ አለዚያ እዚያው ቅር የሚል ነበር። ከዚያ ቀደድኩት። ለምን እንደቀደድኩት እስክነግርህ ታገሠኝ።

በመልኳ የቀናሁ እንዳይመስልህ። ቆንጆ መሆኗን አውቃለሁ፣ ዓይን አለኝ። እኔን የሚያንገበግበኝ እሷ የምታየው ነገር ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ከማንም ሰው ፊት ይልቅ ያየሁት ያንተን ጀርባ ነው። ላብህ መጀመሪያ በትከሻዎችህ መሃል እንደሚወጣ፣ ዳገት ስንጀምር ግራ ትከሻህ ዝቅ እንደሚል አውቃለሁ። ሲደክምህና እንዳላውቅብህ ስትፈልግ አንገትህን ታቀናለህ። እጅህን ወደ ኋላ አድርገህ ሁለት ጣት ስታሳየኝ «ቀስ በይ» ነው፣ መዳፍህን ስትዘረጋ «አሁን» ነው። ይህን ምልክት ያወጣነው እኔና አንተ ነን። አሁን ጤናዬ ከኋላህ ሆና ታየዋለች። ወይስ ለእሷ ሌላ ምልክት አወጣህላት? እሱን ብቻ ንገረኝ። አይ፣ ተወው፣ አትንገረኝ።

አሰልጣኝ ሮባ ከፊቴ ያስቀመጡህ ቀን ትዝ ይልሃል? የአሥር ሺህ ሯጭ ነበርክ። ሰዓትህ አልመጣ ሲል «ለጊዜው ይቺን ልጅ አሯሩጥልኝ» አሉህ። ሴት አሯሩጥ መባልህ አሳፍሮህ፣ እንድቀርልህ ሆን ብለህ ፈጠንክ። እኔም ሆን ብዬ አልቀረሁልህም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ፊትህን በደንብ አላየሁትም። ስንሮጥ ጀርባህን ነው የማየው፣ ሩጫው ሲያልቅ ደግሞ አንተ ዓይነ አፋር ነህ፣ መሬት መሬት ነው የምታየው። ሽማግሌ ልላክ ወይ ብለህ የጠየቅከኝ እንኳ በወንጂ መንገድ ላይ እየሮጥን፣ ሳትዞር ነው። ምንም አልመለስኩልህም። አንተ ግን ኮቴዬ እንዳልተዛባ ሰማህና እሺ ብላለች ብለህ ለወንድምህ ደወልክ። ድፍረትህ ይገርመኛል። እውነቱን ለመናገር እሺ ብዬ ነበር።

ባለፈው ውድድር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ ሥራህን ጨርሰህ ወደ ዳር ወጣህ። አሯሯጭ እስከዚያ ድረስ ነው፣ ምንም አላጠፋህም። አሯሯጮችን የሚሰበስበው መኪና ውስጥ ገባህ፣ እኔ ቀጠልኩ። ቋንጃዬ የተሳበው ከዚያ በኋላ ነው። እያነከስኩ ጨረስኩ። አንተ ስትደርስ የሐኪሞቹ ድንኳን ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ነበር።

አሰልጣኝ ሮባ ዕረፍት አዘዙልኝ። ዕረፍት ለሌላው ሰው ደስ ይላል፣ ለሯጭ ግን ቅጣት ነው። በዚያው ሰሞን የጤናዬ ማናጀር አንተን ጠየቀህ። ሂድ ያልኩህ እኔው ነኝ። ሁለታችንም ቤት ብንቀመጥ ምን እንበላለን አልኩ። ሻንጣህን ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ። ከልቤ ነበር ወይ ካልከኝ፣ እስከ መናኸሪያው ድረስ ከልቤ ነበር።

ከዚያ ማታ ማታ መደወል ጀመርክ። «እኛ ዛሬ ረጅሙን ሮጥን» ትለኛለህ። «እኛ ዳገት ላይ እየተሻሻልን ነው» ትለኛለህ። እኛ ማን ነው? የጤናዬ ጉልበት ለጉድ እንደሆነ፣ ጤናዬ አጥሚት እንደምትወድ፣ ጤናዬ ስትቀልድ ካምፑ ሁሉ እንደሚስቅ ነገርከኝ። በመጨረሻ «አንቺስ?» ትላለህ። እኔማ ዛሬ እስከ ሱቅ ሄጄ ተመለስኩ።

አሰልጣኝ ሮባ ፍል ውሃ ጥሩ ነው ስላሉኝ ሶደሬ እየወረድኩ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናቶች ጋር ስዘፈዘፍ ሰነበትኩ። እነሱ ደግሞ ሰው ሳይጠይቁ አያልፉም። ባል አለሽ ወይ አሉኝ፣ አለኝ አልኩ። የት ነው ያለው አሉ፣ ኩየራ አልኩ። ምን ይሠራል ሲሉኝ ግን ምን ብዬ ልንገራቸው? «ከአንዲት ሴት ፊት ፊት ይሮጣል» አልኳቸው። አንደኛዋ ጠጋ ብላ ጀርባዬን ታሽልኝ ጀመር።

ከዚያ በእግር መሄድ ተፈቀደልኝ፣ ቀጥሎ ዝግ ያለ ሩጫ። በሸንኮራው መሃል ባለው የአፈር መንገድ መጀመሪያ ብቻዬን የሮጥኩ ቀን ነፋሱ ደረቴን መታኝ። የእኛን አገር ነፋስ ታውቀዋለህ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ነፋሱን የምትበላልኝ አንተ ነበርክ። እንባዬ መጣ፣ አዘንኩልህ። ወዲያው ደግሞ አሁን ለጤናዬ እየበላህላት መሆኑ ትዝ አለኝና ሐዘኔን ተውኩት። ቢሆንም በየቀኑ ወረድኩ። ከፊቴ ሆኖ መፍጠንና መቀነስ ያለብኝን የሚነግረኝ ሰው ስለሌለ ራሴን ማዳመጥ ለመድኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓርብ ጠዋት ቪዲዮ ላክህልኝ። ከሥሩ የጻፍከውን ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ፦ «ይቺን ልጅ እያት። የወንጂ ልጅ መሰለችኝ፣ ሸንኮራው ይታያል። ሩጫዋ እንዴት እንደሚያምር! የእጇን አወራወር እዪ። አንቺም እንደሷ ብትሮጪ ኖሮ ቋንጃሽ አይጎዳም ነበር።»

ቪዲዮውን አልከፈትኩትም። ጤናዬ አልበቃ ብላኝ አሁን ደግሞ የወንጂ ልጅ መጣችብኝ አልኩ። የተጠረገ ቤት ደግሜ ጠረግኩ። ቲማቲም ልገዛ ወጥቼ ከባለሱቁ ጋር ተጣላሁ። ልምምድ ላይ አሰልጣኝ ሮባ ቀስ ብለሽ ሩጪ ቢሉኝ ሽቅብ በረርኩ። ጠርተውኝ ማን አናዶሽ ነው አሉኝ፣ ማንም አልኳቸው። ልጅቷ ስንት ዓመቷ ይሆን? ቤተሰቦቿ ፋብሪካው ውስጥ ይሠሩ ይሆን? ካምፑ ሊያመጣት ይሆን? ይህን ሁሉ ሳስብ ዋልኩ። አንተ ጠዋት ስልክህን ካስረከብክ እስከ ማታ ስለማታገኘው የምጠይቀውም ሰው አልነበረኝም።

ሲመሽ አልቻልኩም፣ ከፈትኩት። ከቦይ ማዶ ነው የተቀረጸው። ፀሐይዋ ከልጅቷ ኋላ ስለሆነች ፊቷ ጠቁሯል፣ ኮፍያ አድርጋለች። እውነትህን ነው፣ ታምራለች። ወገቧ አይወዛወዝም፣ እግሯ መሬት ነክቶ ወዲያው ይለቃል። ጠላኋት። እንከን ፍለጋ ደግሜ አየኋት። በሦስተኛው ግን ቦዩን አወቅኩት። ከዚያ ኮፍያውን አወቅኩት፣ ጠርዙ የተቀደደው የሑስና ወንድም ኮፍያ ነው። የእኔ ልብስ ሁሉ ታጥቦ እርጥብ ስለነበር የእሱን ሰፊ ቲሸርትና ኮፍያ ያደረግኩበት ቀን ነበር።

ጃዕፈር፣ ልጅቷ እኔ ነኝ።

ሙሉ ቀን በራሴ ስቀና ዋልኩ። ሑስና ጋ ሄጄ ብጠይቃት ሳትደነግጥ አመነች። የዚያን ቀን በባጃጅ ተከትላኝ ወርዳ ነበር። ስልኳ እጇ ላይ ስለነበር ቀረጸችኝ፣ ዘፈን ደርባ ቲክቶክ ላይ ለጠፈችው፣ ልትነግረኝ ረሳች። ስንት ሰው እንደወደደው እያሳየችኝ ትስቃለች። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ባሌ አላወቀኝማ። አይቶኝ ሲያበቃ የማላውቃት ልጅ አድርጎ ለራሴ ላከኝ፣ ከእሷ ተማሪ አለኝ።

ያን ሌሊት አጠገቤ ተኝተህ ቢሆን ኖሮ ቀስቅሼ እጣላህ ነበር። ስላልነበርክ ብቻዬን ሳብሰለስለው ገባኝ። የት አይተኸኝ ታውቀኛለህ? ዘፈኑ ባይኖርና ትንፋሼን ብትሰማ ኖሮ ወዲያው ለይተህ ሱሃይላ ናት ትል ነበር። አንተ እኔን የምታውቀኝ በጆሮህ ነው። ጫማዬ አስፋልቱን መጎተት ሲጀምር ከእኔ በፊት አንተ ትሰማለህ። ስሮጥ ግን አንድም ቀን አይተኸኝ አታውቅም። ልምምድ ላይ ከፊቴ ነህ። ውድድር ላይም ከፊቴ ነህ፣ ሥራህ ሲያልቅ ደግሞ መኪናው ይዞህ ይሄዳል። እኔ ጀርባህን በምታይ ሌላ ሴት ስቀና፣ አንተ የኔን ሩጫ ያየኸው አንዴ፣ እሱንም የሰው ብለህ ነው።

ወረቀቱን የቀደድኩት ለዚህ ነው። ና ብልህ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ትመጣና ግን መልሰህ ከፊቴ ነው የምትቆመው። እኔም ጀርባህን ሳገኝ ደስ ይለኛል፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል። እንዲያልፍ አልፈለግኩም።

ትናንት አሰልጣኝ ሮባ ጋ ሄድኩ። እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምረው «አከም ጅርታ፣ ያ እግር እንዴት ነው?» አሉኝ። ለባቱ ይመዝግቡኝ አልኳቸው። ጎንበስ ብለው እግሬን አዩት። አንተ ለጤናዬ እንደፈረምክ አስታወሱኝ፣ እኔ እንደረሳሁት ሁሉ።

«በማን ጀርባ ልትሮጪ ነው ታዲያ?»

«በማንም።»

«ነፋስ አለ እኮ ልጄ።»

«ለምጄዋለሁ» አልኳቸው። መዘገቡኝ።

ስለዚህ አትምጣ። ጤናዬን በደንብ አሯሩጣት፣ እንጀራህ ነው፣ ስምህም ነው። እሷ እንድታሸንፍ የምትችለውን ሁሉ አድርግላት። እኔ እንዳታሸንፍ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ። ከኋላችሁ ስመጣ ትንፋሼን ትሰማ ይሆናል። ብትሰማም እንዳትቀንስልኝ፣ ብትቀንስልኝ አውቅብሃለሁ፣ ይቅርም አልልህም። ቅናቴ ለቆኛል ብዬ አልዋሽህም። ያን መንገድ ሁሉ እሷ ምን ያህል እንደተጠጋችህ እያየሁ ነው የምመጣው፣ ምናልባት እሱም ጉልበት ይሰጠኝ ይሆናል።

ሠላሳ ላይ ወደ ዳር ስትወጣ ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። መኪናው ውስጥ አትግባ። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁምና ዙር። ጤናዬን አትይልኝ፣ እሷን ሌላው ሰው ይያት። እኔን እስክደርስ ድረስ እየኝ። እዚያ ጋ ስደርስ ፊቴ ቆንጆ አይሆንም፣ አፌ ተከፍቶ፣ ዓይኔ ፈጦ ነው የምመጣው። ያን ፊቴን ውሃ የሚያቀብሉት ልጆች አይተውታል። የትራፊክ ፖሊሱ፣ ሎሚ ሻጮቹ፣ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ አይቶታል። አንተ ብቻ አላየኸውም። በእነዚያ ሰዎች ሁሉ ባንተ ፈንታ ቀንቻለሁ።

ሱሃይላ
አዳማ