ድምፅ ቀጂዋ እናትህ

ቡታጅራ
ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለኢዮብ ገዛኸኝ
ጂንካ

እንደምን ከርመሃል ልጄ? የጌታ ሰላም ባለህበት ይብዛልህ። እኛ ደህና ነን፤ እንዲያውም ሰሞኑን ቤቱ በሳቅ ነው የሚውለው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ሙስተፋ ነው፤ በጭነት መኪናው ወደ እናንተ አገር ሊወርድ ነው። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለጋት እንዳትለኝ። ስልክ ላይ ከሆንኩ «በላህ? ጤናህስ?» እላለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆራረጥና «በል ቻው» ብዬ እዘጋዋለሁ። ይሄኛው ወሬ ደግሞ መቆራረጥ የለበትም፤ የአባትህም ጉዳይ አለበት።

እህትህ ቅድስት ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ አይደል? ለመመረቂያ አጭር ፊልም ሥሩ ተባሉ። እሷም የአባቴን የእንጨት ሥራ ቤት ነው የምቀርጸው አለችና በሚያዝያ መጨረሻ መጣች። ካሜራ የምትይዘው ጓደኛዋ ዘይባ ትባላለች፤ የአገና ልጅ ናት፣ ሳቂታ። ድምፅ ይቀዳል የተባለው ልጅ ግን ወባ ይዞት ወልቂጤ ቀረ። ቅድስት ዙሪያዋን ቃኘችና ቫርኒሽ ስቀባ አየችኝ። በቃ፣ ሥራው ለእኔ ሆነ።

እኔ ከስልኬ ላይ እስከ ዛሬ የማውቀው አረንጓዴዋን እና ቀይዋን ብቻ ነው። አሁን ግን ማይክ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አስረው አሸከሙኝ፣ መቅጃውን አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ፣ ትልቅ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ደፉብኝ። ነፋሱ ማይኩን ሲያስቸግር ከሶፋ ስፖንጅ ቆርጬ ኮፍያ ሰፋሁለት። ዘይባ ከገበያ የሚገዛው ከዚህ አይበልጥም ብላ ፎቶ አነሳችው። ልጄ፣ በሄድፎኑ የማይሰማ ነገር የለም! እርግቧ ቆርቆሮው ላይ ስትራመድ እሰማለሁ። የዘይባ ሆድ ሲጮህ ሰምቼ ቁርስ ሳትበላ እንደመጣች አወቅሁባትና መጀመሪያ አበላኋት።

የመጀመሪያው ቀን ግን አልሆነልንም። ቅድስት አባትህን ወንበር ላይ አስቀምጣ ሥራውን ማን እንዳስተማረው ጠየቀችው። እሱ እጁን ጣውላው ላይ አድርጎ «ዋንዛ ነው፤ ከቸሃ የመጣ» አላት። ሳቅን። በስንት ዓመቱ እንደጀመረ ስትጠይቀው ደግሞ ጠረጴዛው ለማን እንደሚሠራ ነገራት። እንዲህ እያለ ሁለት ሰዓት ሄደ። እኔ እጄ እስኪዝል ማይኩን ይዤ ቆምኩ። በኋላ ቅድስት ወደ ጓሮ ወስዳኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ አባባ ፊልሜን ስለናቀው ነው የሚያሾፈው አለችኝ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ በልቤ ተቀየምኩት።

ከዚያ የቀዳነውን እንስማ ሲሉ ምንም የለም። መቅጃው ለካ አንዴ ሲጫኑት ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ያ መዘጋጀቱ ነው እንጂ መቅዳት አይደለም። ሁለተኛ ሲጫኑት ነው መብራቱ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ የሚቀዳውም። እኔ ብልጭ ድርግም ሲል ሥራ ላይ ነው ብዬ አምኜው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘይባ ናት ያዳነችኝ፤ «ማዘር፣ እኔም አንደኛ ዓመት እያለሁ የመምህራችንን ንግግር በሙሉ እንዲሁ በልቼዋለሁ» አለችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መቅጃውን ይዤ ስለማመድ ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ሁለቴ ተጫንኩ፣ መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ችግሩ አባትህ ነበር፤ መጋዙን አጥፋ ብንለው አያጠፋም። እኔም ነገሩን ራሱ ሰምቶ ይረዳ ብዬ ማሽኑን በእጄ አጠፋሁና ሄድፎኑን ከራሴ አውልቄ ጆሮው ላይ ደፋሁለት። ድምፁን ልቀንስለት ብዬ ለካ እስከ መጨረሻው ጨምሬዋለሁ። ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ ጥያቄውን ሰምተህ መልስ» አልኩት።

መላጊያው ከእጁ ወደቀ። ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩለት። ቀና ብሎ ፊቴን አየኝና፣

«ትርንጎ፣ ድምፅሽ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለ።

ገና እግር ያልተሠራለት አልጋ ላይ ቁጭ አለ። ቀጥሎ ቅድስት እንድትናገር ጠየቀ፣ ቀጥሎ ዘይባ። ማይኩን ወደ ደጅ ውሰጂው አለኝና የዶሮዎቹን ድምፅ ሰማ፣ የባጃጁን ጥሩምባ ሰማ። አንዴ ይስቃል፣ አንዴ ዓይኑን ይጠርጋል። ከዚያ ነገረን። ግራ ጆሮው ከአራት ዓመት ወዲህ ዝግ ነው። ቀኙ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ነው የሚሰማው። መጋዙ ነው የበላው ልጄ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ከእኛ ጋር ሲሆን ከንፈራችንን እያየ ይገምታል፤ የለመደውን ጥያቄ ያገኘዋል፣ አዲስ ጥያቄ ሲመጣበት ያመልጠዋል። ለምን ደበቅከን ስለው፣ መጋዙን የማይሰማ አናጺ ማን አምኖ ሥራ ይሰጠዋል አለኝ።

ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ አለማወቄ! አሁን አስተውል ኢዮብ። ለመስቀል ሁሉም አገሩ ገብቶ አንተ ስትደውል ስልኩን ሰጠሁት። ጆሮው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆየና መለሰልኝ። ገና ላይም እንዲሁ አደረገ። አንተም «እማዬ፣ ተይው፤ አባባ አሁንም አልታረቀኝም» አልከኝ፤ ከዚያ ወዲህ አገናኚኝ ብለህ አታውቅም። እኔም ጌታ ይቅር ይበለኝና ልቡ ደነደነ ብዬ አንድ ሳምንት አኩርፌዋለሁ። ጂንካ ሄደህ ማስተማሩን ስትመርጥ፣ መጋዙን ለማን ልተወው ብሎ መቆጣቱ እውነት ነው። ግን ያ ቁጣ ዓመት እንኳ አልቆየም።

«የኢዮብ ድምፅ ይመጣል፣ ቃሉ አይመጣም» አለኝ። «ስልክ ከንፈር የለውም።»

ይህ ሁሉ ሲሆን የዘይባ ካሜራ እየቀረጸ ነበር፤ የእኔም መብራት ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ቅድስት ግን ካሜራውን አስጠፍታ፣ አባባ ካልፈቀደ አንዲት ደቂቃ አላሳይም አለች። ማስረከቢያው ደርሷል፣ ያለዚያ ክፍል ደግሞ ፊልም የላትም። አባትህ ሦስት ቀን ነገሩን ሳያነሳ አልጋውን ሲልግ ሰነበተ። እሷም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችውም፤ በዚህ ኮርቼባታለሁ። ሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ እሱ ራሱ አነሳው። «ይታይ። ሰው ካወቀ ጮክ ብሎ ያናግረኛል፤ ለእኔም እረፍት ነው» አለ።

ቅንብሩን ያንተ ክፍል ውስጥ ነው የሠሩት። እኔም ገባሁበት! ድምፅ ላፕቶፑ ላይ እንደ ተራራ ተደርድሮ ነው የሚታየው፤ የራሴን ሳል አግኝቼ በገዛ እጄ ቆርጬ ጣልኩት። ባለፈው ቅዳሜ ወልቂጤ ሄደን አየነው። አባትህ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ድምፅ ማጉያው ሥር ተቀመጠ። ፊልሙ መሐል ላይ ቅድስት ድምፁን ድንገት አጠፋችው፤ ሰዉም አባትህ የሚሰማውን ያህል ብቻ እንዲሰማ ብላ። ሰዉ ማጉያው የተበላሸ መስሎት አንዱ አፏጨ። ያኔ «አንተ ሰውዬ» የሚለው የእኔ ድምፅ አዳራሹን ሞላው! በሳቅ ተጀምሮ በጭብጨባ አለቀ። በመጨረሻ ጽሑፍ ሲወጣ «ድምፅ፦ ትርንጎ ዘርጋ» ይላል። አስተማሪያቸው መምህር ዓለምዘውድ መጥተው፣ የድምፅ ባለሙያዋ እርስዎ ነዎት ብለው ጨበጡኝ። አዎ አልኳቸው፤ ምን አፈርኩ?

ሰኔ አሥር አዲስ አበባ የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዘንለታል። ለቀኙ የመስሚያ መሣሪያ ሊረዳው ይችላል ብለውናል፤ ለግራው ጸልይ።

የክፍልህን መጋረጃ ዘይባ ለብርሃን ብላ ስላወረደችው አዲስ ሰቅያለሁ፤ ግድግዳውንም እግረ መንገዴን ቀባሁት። ና አልልህም፤ ሥራ አለህ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት እንደሚዘጋ ግን እኔም አውቃለሁ።

አንድ መልእክት ቀረኝ። ቅድስት ሄድፎኑን ትታልን ሄዳለች፤ ስልኬ ላይ ይሠራል። አባትህ ይህን ስጽፍ አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣ «በመስቀል ዕለት የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ይለኝ ነበር። ምን እንደነበር ይንገረኝ በይልኝ» አለኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልክህን ይጠብቃል። ዝግ ብለህ ንገረው፤ እኔ ጓሮ እወጣለሁ።

እጅህ የነካው ይባረክ፣ የምታስተምራቸው ልጆች ደስ ያሰኙህ፣ መንገድህን ጌታ ይጠብቅልህ።

እናትህ
ትርንጎ ዘርጋ