እንቅልፍ ነው አትበሉ

መጋቢት 4
ፀጉር ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሁለት ካስክ፣ አንድ ቀለም። ነርሷ ደንበኛዬ መጣች። መድኃኒት በዝቶበት ራሱን የሳተ ሰው ቤት ውስጥ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» እየተባለ ጊዜ እንደሚያልፍበት ነገረችን። አምቡላንስ ለመጥራት ይፈራሉ... አንድም ፖሊስን፣ አንድም የሰው አፍን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በቀን ስንት ሴት እጅሽ ላይ ትቀመጣለች አለችኝ። አሥራ ምናምን። እንግዲያው ንገሪልኝ አለች።
እኔ? ሦስት ሰው ካየኝ ምላሴ የሚተሳሰረው?

መጋቢት 6
ሞከርኩ። የመጀመሪያዋን ፀጉሯን እያጠብኩ «መድኃኒት የበዛበት ሰው ቢያጋጥምሽ...» ስል ቀና ብላ አየችኝ። ሻምፑው ውስጥ የጨመርሽው ነገር አለ እንዴ አለች። ሳቅ ገደለን። ወሬው እዚያው ቀረ።

መጋቢት 11
እየቀለለኝ ነው። ነርሷ የጻፈችልኝን በቃሌ ይዤዋለሁ። አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ ቶሎ አምቡላንስ መጥራት። በጎኑ ማስተኛት። ብቻውን አለመተው። ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ አለማፍሰስ። የወሰደውን አለመደበቅ።
ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሰምቶኝ ተቆጣ። የሱሰኛ ሰፈር አስመሰልሽን፣ ደንበኛ ታባርሪያለሽ ብሎ አኮረፈ። የአሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ! እኔም አኮረፍኩ።

መጋቢት 12
አላናገረኝም። ደግሞ ለሱ...

መጋቢት 19
ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጦ ገባ። «ልጄ አልነቃ አለችኝ።» ተከትዬው ሮጥኩ።
ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ወለሉ ላይ ተዘርራለች። ፈተና ደርሶ እንቅልፍ አጥታ ሰንብታለች፤ ከሰው የተቀበለችውን የእንቅልፍ ክኒን ደራርባ ወስዳለች። ይህን የነገረችኝ አብራት የምታጠናው ጓደኛዋ ናት። እያለቀሰች ትለምነኛለች፤ ትተኛ፣ ይለቃታል፣ ከታወቀ ጉዳችን ፈላ...
ከንፈሯ ቀለሙ ሄዷል። አንዴ ትተነፍሳለች... ከዚያ ዝም። ቆይታ ሌላ።
ስልኬን አወጣሁ። አባትየው እጄን ያዘ።
«ሰው ይሰማል።»
«ይስማ። ብቻ እሷ ትኑርልህ።»
ማን ነው ይህን የተናገረው? እኔ ነኝ?
እጄን ለቀቀኝ። ደወልኩ። በጎኗ አስተኛናት። እሱ ስሟን እየደጋገመ ይጠራል፣ እኔ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ጓደኛዋ የክኒኑን ማሸጊያ ፈልጋ አመጣች። ከአምቡላንሱ የወረደችው ባለሙያ የጠየቀችው ምን ወሰደች፣ መቼ ወሰደች ብቻ ነው። ማንንም አልገላመጠችም። ማሸጊያውን ሰጠናት። አባቷም አብሮ ሄደ።

መጋቢት 20
ነቃች! ራበኝ አለች አሉ። ራበኝ! ከዚህ ቃል የሚጣፍጥ ምን አለ? አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ የአንዷን ደንበኛ ፀጉር ሁለቴ አጠብኩ። እሷም ዝም ብላ ታጠበችልኝ።

መጋቢት 23
ልብስ ሰፊው መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል... አዲስ የሥራ ጋዋን ሰፍቶልኛል። ልኬን መቼ ወሰደ? በዓይኑ ይሆናል፣ ሙያው አይደል። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ «ወገቡ ጠቧል?» ብቻ አለ። ጠቧል። አልነገርኩትም።

ሚያዝያ 8
ልጅቷ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ጉንጯ ሞልቷል። ከእንቅልፌ ጋር ሐኪም አስታርቆኛል ብላ ሳቀች። ቤቱ ጢም ብሏል። እኔ እንደለመድኩት ልጀምር ስል «ዛሬስ እኔ ልናገር» አለች።
ተናገረች። ክኒኑን፣ ፍርሃቱን፣ ጓደኛዋ እስካሁን በየቀኑ እየደወለች እንደምታለቅስ፣ ሁሉንም። አንዲት እናት የአምቡላንሱን ቁጥር ድገሚልኝ ብላ ስልኳ ላይ መዘገበች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። ቁጥሩን እየደጋገምኩ ድምፄ ዘጋ።
አባቷ ይህን ጊዜ ገብቶ ነበር ለካ። ያ ሁሉ የሰው አፍ ባለበት፣ ግድግዳውን ተደግፎ ያዳምጣል። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።
«ጮክ በይ ልጄ» አላት። «ጥግ ያሉት አልሰሙሽም።»