ራሳቸው ያሰረዙት ጥናት፦ የዶክተር እቴነሽ በላቸው የሕይወት ታሪክ

እህታችን ዶክተር እቴነሽ በላቸው ከአባታቸው ከአቶ በላቸው ረዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አየለች ተሰማ በመጋቢት ወር 1958 ዓ.ም. በድብ ባሕር ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በደባርቅ ተከታትለው፣ በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቀው በ1984 ዓ.ም. ጎንደር ሥራ ጀመሩ። በ1987 ዓ.ም. ከመምህር አንዱዓለም ፈንታ ጋር በተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ለተ ማርያምን ወልደዋል። በ1997 ዓ.ም. የዶክትሬት ትምህርታቸውን ስዊድን ሲጨርሱ እዚያው ይቅሩ ያላቸው ሰው ጥቂት አልነበረም። እርሳቸው ግን «በሽታው ያለው ጎንደር፤ እኔ ስዊድን ምን እሠራለሁ?» ብለው መጡ።

ጥናታቸው በካላዛር ላይ ነበር። ሰሊጥ ሊያርሙ ቆላ የሚወርዱ ወጣቶቻችንን የሚጨርሰውን ይህን በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ፣ ከላዩ ስኳር ደርቦ ነው ሰውነት ውስጥ የሚኖረው። የሰውነት መከላከያ ያን ስኳር ለይቶ ሲዋጋ ደም ውስጥ ምልክት ይተዋል። ያን ምልክት ፈልጎ በሽታውን በጠብታ ደም መለየት የሕይወታቸው ሥራ ሆነ። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለ ጎረቤታቸው «ስኳር ያጠናሉ» ሲባል ሰምቶ የስኳር በሽታውን ይዞ በራቸውን ያንኳኳ ነበር። «የኔ ስኳር ሌላ ነው» ብለው አይመልሱም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሐኪም ዘንድ ይዘውት ይሄዳሉ። እንዲህ ያሉ ሸጋ ሰው ነበሩ። ቁጡም ነበሩ፤ የደም ብልቃጥ ላይ ቁጥር አሳስቶ የጻፈ ረዳት፣ ወዮለት!

በ1999 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት፣ ገሚሶቹ ሆስፒታል የተኙ፣ ገሚሶቹ ጠበል የሚጠመቁ 120 ሕሙማንን መርምሮ «ምርመራው በሽተኛ አይስትም» የሚል ነበር። ስማቸው ገነነ፤ የፕሮፌሰርነት ማዕረጋቸውም ሊጸድቅ ተቃረበ። በኅዳር 2001 ዓ.ም. ወደዚያው ጠበል ተመልሰው ሳለ፣ ቄሱ «ተክለ ጊዮርጊስ!» ብለው ሲጠሩ ብድግ ያለው ሰው፣ ሆስፒታል ጎሹ ብለው የመዘገቡት በሽተኛ ሆኖ አገኙት። የአገራችን ሰው ለሐኪም የዓለም ስሙን፣ ለጠበል የክርስትና ስሙን ነው የሚሰጠው። ሁለቱን መዝገብ ሲያመሳክሩ ሃያ ሦስት ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ አገኙ። ምልክቱ ደማቸው ላይ ጎልቶ የሚታየው እነዚሁ ነበሩና፣ ምርመራው የማይስት ያስመሰለው የእነርሱ መደገም ነበር። «የድብ ባሕር ልጅ ሆኜ! እኔስ በክርስትና ስሜ ወለተሩፋኤል አይደለሁም ወይ?» እያሉ ተንገበገቡ።

ታናሽ ወንድማቸው ክንዱ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ «ማን ያውቅብሻል? ማዕረጉ እስኪጸድቅ ዝም በይ» ብሎ መከራቸው። «ምነው ክንዱ! ነጻ ነህ ብለን ቤቱ የሰደድነው በሽተኛ ቢሞት፣ እናቱን ምን ልላት ነው?» አሉና ወር ሙሉ አኮረፉት። ለመጽሔቱ በገዛ እጃቸው ጽፈው ጥናቱን አሰረዙ። ማዕረጉም በዚያው ቀረ።

ከዚያ አምስት ዓመት ከድብ ባሕር እስከ ዛሪማ ቆላ እየተመላለሱ፣ የእያንዳንዱን ሰው ሁለቱንም ስም እየጠየቁ ሥራውን እንደ አዲስ ሠሩት። በ2006 ዓ.ም. ያወጡት ውጤት የሚያስጨበጭብ አልነበረም፦ ምርመራው ከአምስት በሽተኛ አንዱን ይስታል፤ ትኩሳቱ ያለቀቀው ሰው በዚህ ብቻ አይሰናበት፣ ይላል።

በ2008 ዓ.ም. የክንዱ ልጅ ፋሲካ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ታሞ ተመለሰ። በዚያው ምርመራ ደሙ ነጻ ተባለ። ሐኪሙ ግን የዶክተር እቴነሽን ሁለተኛ ጽሑፍ ያነበበ ነበርና አላሰናበተውም፤ በሌላ መንገድ መርምሮ ካላዛሩን አገኘው። ፋሲካም ታክሞ ዳነ። ዶክተር እቴነሽ ይህን ነገር አንድም ቀን በወንድማቸው ላይ አንስተውበት አያውቁም።

ባደረባቸው የጡት ካንሰር ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 23 ቀን 2010 ዓ.ም. በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ወንድማቸውንና የወንድማቸውን ልጅ በሐዘን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እውነትን የወደዱ ሁሉ ባረፉበት ያሳርፍልን፤ ለእናታችን ለወይዘሮ አየለችም ጽናቱን ይስጥልን።

እታለም፣ ዝም በይ ብዬሽ ነበር። ብትሰሚኝ ኖሮ ልጄ ዛሬ ከጎኔ አይቆምም ነበር። በሰው ሁሉ ፊት ይቅር በይኝ።