በግራው ፕላስቲክ ላይ የቀረው አሻራሽ

ለዘይነብ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ሰላም በአንቺ ላይ ይሁን። ከተለየሽን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አላህ ጀነተል ፊርዶስን ይወፍቅሽ እያልኩ በየሶላቱ ዱዓ አደርጋለሁ። ዛሬ ግን የምነግርሽ ጉዳይ ስላለኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሱቃችን በራፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ልጃችን ሰዓዳ ከቆላ አልተመለሰችም። ገና ሰዓቷ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ታውቂኝ የለ? አንቺ ገበያ ወርደሽ ትንሽ ስትቆዪ እንኳ መንገድ ዳር ወጥቼ የምቆም ሰው ነኝ።

ስለ ቤታችን ላውራሽ። ማንጎዋ ዘንድሮ ጥሩ አፍርታ ነበር፣ ግማሹን ወፍ በላው። ሱቁ አልተዘጋም። የባጃጅና የሞተር ስቲከር ዛሬም እንለጥፋለን። እንለጥፋለን እላለሁ እንጂ ብቻዬን ነኝ። ወሬው የእኔ፣ የእጅ ሥራው ያንቺ እንደነበር ደንበኛው ሁሉ ያውቃል። ባለፈው የአንዱን ባጃጅ ስለጥፍ አየር ገብቶ ሦስት ቦታ አበጠብኝ። ባለቤቱ ራሱን ነቅንቆ፣ እትዬ ዘይነብ ቢኖሩ ኖሮ ብሎ ሳይጨርስ ተወው። እኔም ያበጠውን በመርፌ እየወጋሁ አየሩን አስወጣሁ።

ሰዓዳ አሁንም ከብት ለመከተብ በዚያችው ነጭ ሞተር ወደ ቆላ ቀበሌዎች ትወርዳለች። አንቺ የለጠፍሽላትን ስቲከር ፀሐዩ አደበዘዘው፣ ጠርዙም ተላላጠ። ሲመሽባት መኪኖች አያዩኝም ብላ አንጸባራቂ እንድለጥፍላት ለመነችኝ። ከኮረኮንቹ ወጥታ ወደ ቤት ለመምጣት አስፋልቱን ማቋረጥ አለባት፤ የዚያን አስፋልት መኪና ደግሞ ታውቂዋለሽ።

እንዳስተማርሽኝ አደረግሁ። ፀሐይ የሞተሩን ፕላስቲክ ሳያግለው፣ ከሱብሒ በኋላ ጀመርኩ። ከጋለ ሙጫው ገና ሲነካው ይይዛል፣ ማስተካከያ አይሰጥሽም ትይኝ ነበር። አሮጌውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ ቀስ ብዬ ላጥሁት፣ የቀረውን ሙጫ በቤንዚን ጠረግሁ። በሳሙና ውሃ አርሼ አዲሱን አስቀመጥሁና በጨርቅ በጠቀለልሽው ካርድ ውሃውን ከመሃል ወደ ዳር ገፋሁት። የፊቱ ጭቃ መከላከያ፣ የኋላው፣ የቀኙ ጎን፣ ማሻ አላህ፣ አንድ አየር የለውም። አንቺ ብታዪው ጠርዙን በጥፍርሽ ነካ አድርገሽ ዝም ብለሽ ታልፊ ነበር። ያንቺ ምስጋና እሱ ነበር።

ወደ ግራው ጎን ስዞር ግን ቆምሁ። ገና ባልላጥሁት ስቲከርሽ፣ ጥርት ካለው መሸፈኛ ሥር ሙጫው ላይ፣ የአውራ ጣትሽ አሻራ አለ። ሙጫውን ጣት አይንካው እያልሽ ሰውን ሁሉ የምትቆጪው ሴትዮ፣ ይህን ስትለጥፊ አንቺው ነካሽው። ሳል ይዞሽ ነበር፤ ስታስዪ እጅሽ አመለጠሽ። እንዴት ተናደድሽ! ማን ያየዋል፣ ተይው አልኩሽ። አንቺ ግን ነገ አነሣዋለሁ አልሽ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ አልተመለስሽም።

ተንበርክኬ አየሁት። መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። አየር ስታስተነፍሺ መርፌ የወጋሽ ቦታ ሳይቀር አለ። ፎቶሽ አለኝ፣ ልብስሽ አለኝ፤ እጅሽ ግን ያለው እዚያ ብቻ ነው። ማድረቂያውን አጠፋሁት።

ለልጅሽ ስቲከሩ አለቀብኝ ብዬ ዋሸኋት። ለግራው የቆረጥሁት ከነወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። እሺ አባ ብላ ሄደች። ግራዋ ሳያበራ ስትወጣ ይኸው ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። በጣርማ በር ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እዚህ ጠብታ የለም፤ ግን ላይ ከዘነበ እዚህ ሰማዩ ጠርቶም ሰዓዳ የምትሻገረው ወንዝ ይሞላል። ከሞላ ማዶ ቆማ እስኪጎድል ትጠብቃለች። ከጠበቀች ይመሽባታል። አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ደግሞ ከጣርማ በር ቁልቁል የሚንደረደረው መኪና የሚያየው ግራ ጎኗን ነው።

ደወልኩላት፣ መስመሩ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። ሞተር በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ፣ የሌላ ሰው ይሆናል። ዘይነብ፣ ምን ሠራሁ? አንቺን ያስቀረሁ መስሎኝ ልጅሽን ሳትታይ ወደ መኪና ላክኋት። አንድ ነገር ብትሆን በምን ዓይኔ አይሻለሁ? የመግሪብ አዛን እያለ ነው። ሰግጄ ልመለስ።

መጣች! አልሐምዱሊላህ፣ መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ወንዙ ሞልቶ ገበሬዎቹ እስኪጎድል ድረስ አላሳልፍ ብለዋት ነበር። አስፋልቱን እንዴት ተሻገርሽ አልኳት። ከሞተሩ ወርዳ፣ የስልኳን መብራት በግራ በኩል ይዛ፣ እየገፋች። ሦስቱንም ቀን እንደዚያ ነው የተሻገረችው። መሳቢያውን ገና በመጀመሪያው ቀን ከፍታ አይታዋለች። ለምን አልተናገርሽም ብላት ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም እንዲነሣ አልፈለግሁም፣ አባ አለችኝ።

ሁለታችንም አለቀስን። አንቺ ብትኖሪ ግን አብረሽን አታለቅሺም፣ ትቆጪን ነበር። በዚያ ፕላስቲክ ላይ ከቀረው ሁሉ ያንቺ ያልሆነው ነገር ቢኖር ያ በማግስቱ ልታነሺው የነበረው ስህተት ነው፤ እንዲቀር የፈለግሁት እኔ እንጂ አንቺ አልነበርሽም።

ነገ ከሱብሒ በኋላ፣ ፕላስቲኩ ሳይግል፣ ማድረቂያውን እኔ እይዛለሁ፣ ጠርዙን ሰዓዳ ትይዛለች። ቤንዚኑ ምንም እንደማያስቀር አውቃለሁ። አንቺን ግን ከእኔ የሚጠርግ የለም። እጄ እስከሠራ ድረስ ሥራ በሰዓትሽ እጀምራለሁ፣ በካርድሽ እገፋለሁ፣ ጣት አይንካው ባልኩ ቁጥር በድምፅሽ እላለሁ።

ነገ አነሣዋለሁ ብለሽኝ ነበር። ይኸው ነገሽ ደረሰ።

ባልሽ ሰይድ