የረሳኋት ጳጉሜ ስድስት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

አምና ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። ለእድርተኞቹ የሠራሁት ቀን አስታዋሽ አፕ ግን አምስት ብሎ ቆጥሯት፣ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን ይቀድማል። እኔ የማልረባ ልብ አላልኩም።

እትዬ ዘነበች ለልጃቸው ሙት ዓመት ዳቦ ይዘው ከአሌክሳንድሪያ በሜትሮ መጡ። ከጣቢያው ተቀብዬ ቤተ ክርስቲያን አደረስኳቸው። ቄሱ «አስራ ሰባት እኮ ነገ ነው» ቢሏቸው ተቆጡ።

«ይሄ ልጅ የሠራው አይሳሳትም!»

እኔ አጠገባቸው ቆሜ መሬት መሬቱን አያለሁ። የሚሠሩበት ሆቴል ማናጀር ከዛሬ ሌላ ኦፍ አልሰጣቸውም።

ስህተቱ አንድ መስመር ኮድ ነው፤ አሁን አርሜዋለሁ። ነገ ጠዋት ስልካቸው «የልጅዎ ሙት ዓመት ዛሬ ነው» ይላቸዋል፤ እሳቸው የእንግዳ አልጋ ሲያነጥፉ።