የቀጭኑ ቀኝ ዓይን

ጥቅምት 6
ላብራቶሪው ውስጥ ስንሠራ ዋልን። መስታወት ማስተካከል፣ ዳግም ማስተካከል...
ቀጭኑ ለአዲሷ ጸሐፊ ሥራችንን ሲያስረዳት ነበር። ሁሉም የሚጠራው ቀጭኑ እያለ ነው፤ እጮኛዬ ከሆነ በኋላም እኔ አፍ ላይ የቀረው ይኸው ስም ነው። ሞለኪውል ሁሌ ይንቀጠቀጣል አላት። እኛ በሌዘር ምት እንገፋዋለን፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ እንደሚገፉት። ብርሃኑን በየቀለሙ በትነን፣ አንዱን አስቀድመን፣ ሌላውን አዘግይተን መልሰን እንሰበስበዋለን። የምንፈልገው አንዱን ንቅናቄ ቀስቅሶ ጎረቤቱን የማይነካ ምት ነው።
በጥሞና ሰማችው። ከዛ፣ "ታዲያ የምትጋቡት መቼ ነው?"
እስክናለቅስ ሳቅን።

ጥቅምት 19
ቀጭኑ የጨረር መከላከያ መነጽሩን አወለቀ። ለአፍታ። ጨረሩ የት እንዳለ ጠፍቶበት... ያለ መነጽርም ቢሆን ለዓይን እምብዛም አይታይም። ጨረሩ ከአንድ ብሎን ላይ ነጥሮ ቀኝ ዓይኑን አገኘው።
አልጮኸም። ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለ ነው ያለው። ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ እኔ ዞረ።
"ፊትሽ የለም።"

ጥቅምት 20
ሐኪሟ እውነቱን አልሸፋፈነችም። ቀኙ መሃሉ ተቃጥሏል፤ ዳር ዳሩን ብቻ ያያል። አይመለስም።

ኅዳር 11
እናቱ ቤት ነው። እማማ በር ላይ ጠብቀው ስለ ሥራ እንዳላነሳበት ለመኑኝ።
ግራ ዓይኑ ደህና ነው። ሐኪሟም መሥራት ትችላለህ ብላዋለች። ትናንት እስከ ላብራቶሪው በር መጥቶ፣ ላብ አጥምቆት ተመለሰ።
ስለ ምን እናውራ? ቀኔን በሙሉ የማሳልፈው እዛው ነው።

ታኅሣሥ 2
አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ 23
ለየለት።
"ሥራ ከገባሽበት ሰዓት ጀምሮ ዓይንሽን ነው የማስበው" አለኝ። "ቀኑን ሙሉ። እንዲህ ሆኜ እንዴት ባል እሆንሻለሁ?"
"ሥራውን ልተወው?"
ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። እሱም አየው መሰለኝ... ድንጋጤዬን።
"ብትተዪው ደግሞ እኔ አንቺን ቀና ብዬ ማየት አልችልም።"
ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። እማማ ጓዳ ውስጥ ሲያለቅሱ ይሰማል። ደህና ይዋሉ እንኳ አላልኳቸው።

ጥር 14
ሥራ። ቤት። መብላት ረሳሁ።

የካቲት 8
ሆነ።
ኮምፒውተሩ ስንት ወር ሙሉ የሌዘሩን ምት ቅርጽ እየቀያየረ እየሞከረ፣ የከፋውን ሲጥል፣ ከተሻለው ሌላ ሲሠራ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ቀጭኑ ነው። ዛሬ የፈለግነው ንቅናቄ ብቻውን ብድግ አለ። አለቃችን አቀፉኝ። ሁሉም አቀፈኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።
ልደውልለት? ምኑ ሆኜ?

የካቲት 9
ደወልኩ። እማማ አነሱት፤ "ልጄ" አሉኝ። ስልኩን ለእሱ ሰጡት።
ነገርኩት።
"ጎረቤቱስ?"
"ንቅንቅ አላለም።"
ትንፋሹ ተሰማኝ። ከዛ ጥያቄው ጎረፈ። የትኛው ቀለም ቀደመ? ደግማችሁ አያችሁት? ድምፁ የድሮው ሆነ። እኔም ረሳሁት... ሁሉን ነገር ረሳሁት። ወንበሬን ወደ መስኮቱ ስቤ እየሳቅኩ ሁሉ ነበር።
ጥያቄው አለቀ።
"በይ እንኳን ደስ አለሽ" አለኝ፣ ባዳ ለባዳ እንደሚለው።
"እንኳን ደስ አለን" ልለው አፌን ስከፍት ስልኩ ተዘግቷል።