ሁለት ሞተር፣ አንድ ክር

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እስካሁን ክፉ ነገር አልደረሰም። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬን ወደ መንገዱ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ። ልጅሽ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተር ሳይክል ሥራ ሄዳለች።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለማውቅሽ ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ትጮኺያለሽ፤ እኔም እመልስልሻለሁ፤ መርከባችሁ ከወደቡ ሲርቅ መስመሩ ይቋረጥና አንቺ በመርከቡ ወጥ ቤት ውስጥ የሰማሽውን ቁራጭ ወሬ ስታብሰለስዪ ትከርሚያለሽ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ በሥርዓት እነግርሻለሁ።

ስትሄጂ በሩ ላይ ቆመሽ፣ "እማዬ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳሻሽ፤ ሞተር ላይ ብቻ እንዳትወጣብኝ" ብለሽኝ ነበር። እኔም እሺ አልኩሽ። ያን ጊዜ ዓይንሽ የአባትሽ ምርኩዝ ላይ አርፎ ነበር። ምርኩዙ አሁንም እዚያው በሩ ጥግ ቆሟል፤ ማንሳት አልሆነልኝም።

ባለፈው ወር የአንድ ደንበኛ ሱሪ እየተኮስኩ ሳለ ልጅሽ ከሆስፒታል ሥራዋ ገባች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ "እማማ፣ ሞተር ልገዛ ነው" አለችኝ።

"ማን ሊነዳው?"

"ጎረቤት።"

ይህ አፍ ከማን እንደተወረሰ እኔና አንቺ እናውቃለን።

"ተይ እንጂ! መንዳቱንስ የት ታውቂውና?"

መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ለካ እኔ ትርፍ ሰዓት ትሠራለች ብዬ ራቷን ከድኜ ስጠብቅ፣ እሷ በጓደኛዋ ሞተር ስትለማመድ ከርማለች። የጭስ ሽታ የመጣብኝ ያኔ ነው። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ሱሪ አቃጠልኩ።

"ለእናትሽ ቃል ገብቻለሁ" አልኳት።

"አንቺ ገባሽ እንጂ እኔ አልገባሁም። እማማ፣ ለሁለት ታክሲ ተሰልፌ፣ ከዚያ ደግሞ ያንን ጨለማ መንገድ በእግሬ... ቦርሳዬን የቀሙኝን ረሳሽው?"

አልረሳሁትም።

"ሁለት አግኝቻለሁ" ብላ ቀጠለች። "ሁለቱም ያገለገሉ የስፖርት ሞተሮች ናቸው። ፋብሪካቸው አንድ፣ ዓመታቸው አንድ። የቱ እንደሚሻል መለየት አቃተኝ። አያቴ ቢኖር እሱን ይዤ እሄድ ነበር።"

"እኔ ሳላይ አንዱንም አትገዢም" አልኳት። የተናገርኩት እንደሚመርጥ ሰው ነው። በልቤ የያዝኩት ግን ሌላ ነበር፤ የሄድኩት ሁለቱንም ላስጥላት ነው።

መላው ነበረኝ። አባትሽ የወደቀበትን ሞተር ሲገዛ ቀለሙ ዓይኑን ወስዶት ሳይመረምር ነው የገዛው። አንቺ ያኔ ትንሽ ነበርሽ። ሞተሩ ቀድሞ ተጋጭቶ ተጣሞ ኖሮ፣ ኩርባው ላይ ወደ ጎን ጎተተው። ከአልጋ ከተነሳ በኋላ፣ የሚያውቀው ሰው ያገለገለ ሞተር ሊገዛ ሲል "ቆይ እስቲ" ይልና፣ ቁልፍ የምተክልበትን ወፍራም ነጭ ክር ከመሳቢያዬ ይወስዳል። ከኋላው ጎማ ላይ አስሮ በግራና በቀኝ ወደ ፊት ይወጥርና ጫፎቹን በድንጋይ ያስይዛል። የፊቱ ጎማ ቀጠን ስለሚል ክሩ አይነካውም፤ በሁለቱ ጎን የሚቀረው ክፍተት ግን እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ሞተሩ አንድ ቀን ተመትቷል ማለት ነው፣ ሻጩ ቢምል ቢገዘትም። ክሩን ግራሶ አስነክቶ ሲመልስልኝ የተጨቃጨቅነውን ሁሉ አንቺም ትሰሚ ነበር።

ሰማያዊውን የሚሸጠው አንድ የባንክ ሠራተኛ ነው። ሞተሩ ጋራዡ ውስጥ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። መሪው ዝቅ፣ ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፤ የሚነዳው ሰው ደረቱን የነዳጁ ሰልባትዮ ላይ አስተኝቶ ነው የሚሄደው። ሻጩ ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ አገሳ። ግድግዳውን ያዝኩ።

"እናቴ፣ እንደ ሙሽራ ነው የያዝኩት" አለኝ።

"ታዲያ ሙሽራህን ለምን ትሸጣለህ?"

ልጅሽ ፊቷን አዞረች፤ ሳቋን መደበቋ ነው።

እሷ ሞተሩን ቀጥ አድርጋ ያዘችልኝ። እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ክሩን ወጠርኩና ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ። ክፍተቱ በግራ በኩል አንድ ጣት ነው፤ በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

"ሰንሰለቱ ሲወጠር የኋላው ጎማ ትንሽ ዘወር ብሎ ይሆናላ" አለ ባንከኛው።

"የኋላው ጎማ በሁለቱም በኩል እኩል ምልክት ላይ ነው። ቀድሜ አይቼዋለሁ።"

ጫማውን እያየ፣ "የወደቀው እኔ ጋ አይደለም፤ ከእኔ በፊት ነው" አለ።

የልጅሽ ፊት አመድ መሰለ። ለካ ልቧ ያረፈው እዚህኛው ላይ ነበር። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አንዱን አስጣልኳት፤ አንድ ቀረኝ።

ጥቁሩን የሚሸጠው የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሰልባትዮው ተጫጭሯል። የወንበሩ ቆዳ ተቀዶ ተሰፍቷል፤ ስፌቱን ሳይ ጥርሴን አፋጨሁ።

"ይህን የሰፋው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ያስታውቃል።"

"ባለቤቴ አርግዛለች" አለ እየሳቀ። "'ወይ እኔ ወይ ሞተሩ፣ ምረጥ' አለችኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበት።"

"ሦስት ቀን!" አለች ሚስቱ በመስኮቱ ብቅ ብላ።

እንደገና ተንበረከክሁ። በግራ ለካሁ፤ በቀኝ ለካሁ። መነጽሬን ጠርጌ ደገምኩት። እኩል ነው። ከጎማው እስከ ጎማው ዓይኔን አስከትዬ እንከን ፈለግሁ፤ አንድም አጣሁ።

ልጅሽ መሪውን እንደያዘች ከላይ ሆና፣ "እማማ፣ ምን ይላል? ጠማማ ነው ካልሽኝ እተወዋለሁ። ከዚህ ወዲያም አልከራከርሽም" አለችኝ።

ልጄ፣ ጣቴን ክሩ ላይ አሳረፍኩ። ገፋ አደረግሁት። ክፍተቱ ወዲያው ተዛባ፤ ማንም አላየም። ከጎማው አጠገብ የልጅሽ ጫማ ይታየኛል፤ ማሰሪያው እንደ ልማዷ ተፈቷል። አባትሽን ተሸክመው ሲያስገቡት አንዱ እግሩ ባዶ ነበር፤ ጫማው መንገድ ላይ ቀርቶ። "ጠማማ ነው" ብዬ ብነሳ ነገሩ ያልቃል። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ፣ ከመጀመሪያው የባሰ። ይህችን ልጅ አሳድጌያታለሁ። አልከራከርም ብትልም ወር አትቆይም፤ ሦስተኛ ሞተር ታገኛለች። ያን ጊዜ እኔን አትጠራኝም። ቀለሙ ያማረ፣ ውስጡ የተጣመመ አንድ ሞተር የሆነ ጋራዥ ውስጥ ይጠብቃታል፤ ክር የሚወጥርላት ሰው ግን አይኖርም።

ጣቴን አነሳሁ። ክሩ ተመልሶ ቦታውን ያዘ።

"ቀጥ ያለ ነው" አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

እሷ እየነዳች ሄደች፤ እኔ በታክሲ ተመለስኩ። "ከኋላ ተቀመጪ" ብላኝ ነበር። "እኔ አላበድኩም" አልኳት። እቤት ስደርስ ወንበሩን አስፈትቼ የአስተማሪውን ስፌት ተረተርኩና እንደገና ሰፋሁት። ተማሪ ቤት ሳለሁ የልብስ ስፌት መምህሬ የተንጋደደ ስፌት አይታ አታልፍም ነበር፤ እኔም ማለፍ አልቻልኩም። ለልጅሽም የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ ያለው ሰደርያ አዘጋጀሁላት። "የመንገድ ሠራተኛ አስመሰልሽኝ" አለችኝ። ለበሰችው ግን።

ዛሬ ጠዋት ሄልሜቷን ስታጠልቅ ፊቷ ጠፋና ዓይኗ ብቻ ቀረ። እጇን አነሳችልኝ። ኩርባው ጋ ደርሳ ሞተሩ ዘንበል ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጥኩ፤ ከጠፋም በኋላ ይሰማኝ ነበር።

አሁን ዝናብ ጀምሯል። የመውጫዋ ሰዓት አልፏል። በዚህ ሰፈር ይህን ያህል ሞተር መኖሩን ያወቅሁት ዛሬ ነው፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ጽሕፈቴ ከዚህ በታች ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ተቆጪኝ። ቃሌን አፍርሻለሁ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፦ ስትደውዪላት አትጩኺባት፤ ተጨንቃ እንዳትነዳ። መጮህ ካማረሽ እኔ አለሁልሽ። በየሳምንቱ ክሩን እንደምወጥርም ቃል እገባልሻለሁ፤ ይህኛውን አላፈርሰውም። የጻፍኩልሽ ብቻዬን መፍራት ስለከበደኝ ነው። እኩል እንካፈለው።

አሁን አልፈርምም። እሷ ስትገባ እፈርማለሁ።

 

ደርሳለች። ውሃ በውሃ ሆናለች። ሄልሜቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ "እማማ፣ ራቴስ?" ትላለች።

እናትሽ